አንድ ደቂቃ ከ52 ሰከንድ፦ የኢኳቶሪያል ጊኒ ዋናተኞች በሲድኒ

ሲድኒ 2000 ሲባል እኛ ቤት ቶሎ የሚነሱት ኃይሌና ቴርጋት ናቸው። 10 ሺህ ሜትር ሙሉ ሮጠው መጨረሻ ላይ በ9 መቶኛ ሰከንድ ተለያዩ። ያንን ያየ ሰው አይረሳውም። እኔ ዛሬ የማወራው ግን ከዚያ ውድድር ስድስት ቀን ቀደም ብሎ፣ በዚያው ከተማ፣ ገንዳ ውስጥ ስለሆነ ነገር ነው። ቪዲዮውን ብዙ ሰው አይቶታል፤ ብዙ ሰውም ስቆበታል። እኔ ግን ደግሜ ባየሁት ቁጥር ሳቁ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። እሱን ነው ልጽፍላችሁ የፈለግኩት።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 2000፣ ጠዋት። የወንዶች 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ማጣሪያ ነው። በመጀመሪያው ምድብ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው ያሉት። ካሪም ባሬ ከኒጀር፣ ፋርሆድ ኦሪፖቭ ከታጂኪስታን፣ ኤሪክ ሙሳምባኒ ከኢኳቶሪያል ጊኒ። ሦስቱም ሚኒማ፣ ማለትም ለመግባት የሚጠየቀውን ሰዓት፣ አሟልተው የመጡ አይደሉም። ኦሊምፒክ ውስጥ ዋና ያልተስፋፋባቸው አገሮች ሰዓት ሳይጠየቁ አንዳንድ ተወዳዳሪ እንዲልኩ የሚፈቅድ አሠራር አለ፤ በዚያ በር ነው የገቡት። ያኔ ታላላቆቹ ዋናተኞች ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን የዋና ልብስ መልበስ ጀምረው ነበር። ኤሪክ ግን አጭር ሰማያዊ የመዋኛ ቁምጣ ለብሶ፣ መነጽሩን አጥልቆ ብቅ አለ።

የመነሻው ድምፅ ሳይሰማ ሁለቱ ዘለሉ። ከውድድር ውጪ ሆኑ። ኤሪክ ብቻውን ቀረ።

እስቲ ይህን አስቡት። 22 ዓመትህ ነው። ዋና ከጀመርክ ስምንት ወር ገደማ ነው። 50 ሜትር ገንዳ በዓይንህ ያየኸው እዚህ ከተማ ከመጣህ በኋላ ነው። ፊትህ ስምንት መስመር ባዶ ውሃ ተዘርግቷል፤ ዙሪያህን ደግሞ 17 ሺህ ያህል ሰው ተቀምጧል። አጠገብህ የምትከተለውም ሆነ የምትሸሸገው ሰው የለም። ኤሪክ ዘለለ።

የመጀመሪያው 50 ሜትር ደህና ነበር። እጁ ይንቀሳቀሳል፣ እግሩ ይመታል። ግድግዳው ጋ ደርሶ ውሃ ውስጥ ተገልብጦ ዞረ፤ ትንሽ ቆይቶ ብቅ አለ። ችግሩ ሲመለስ ነው የጀመረው። ጭንቅላቱ ከውሃው ወደ ላይ እየወጣ ሄደ፣ ወገቡ ወረደ፣ እግሩ ሰመጠ። ወደ መጨረሻው ላይ እጆቹ ውሃውን መቅዘፍ ትተው መምታት ጀመሩ፤ የቆመ እስኪመስል ድረስ። እግሬ መኖሩ አልታወቀኝም ነበር ሲል በኋላ ተናግሯል። መጀመሪያ ላይ የሳቀ ተመልካች ቢኖር እንኳን እዚህ ጋ ሲደርስ ሁሉም ተነስቶ እየጮኸ ነበር፤ ጩኸቱ ደግሞ የማበረታታት ጩኸት ነው። ግድግዳውን ነካ። 1 ደቂቃ ከ52.72 ሰከንድ። ገመዱን ይዞ ቀረ።

ቁጥሩን ከጎኑ ካሉት ቁጥሮች ጋር ካላየነው ትርጉሙ አይገባንም። ከአንድ ቀን በፊት በዚያው ገንዳ ሆላንዳዊው ፒተር ቫን ደን ሆገንባንድ 200 ሜትር ነፃ ቀዘፋን በ1 ደቂቃ ከ45.35 ሰከንድ ጨርሶ አውስትራሊያዊውን ኢያን ቶርፕን በአገሩ ሕዝብ ፊት አሸንፎ ነበር። ኤሪክ የዚያን ግማሽ ርቀት ለመዋኘት ከሰባት ሰከንድ በላይ ጨምሮ ወሰደበት። ኤሪክ በዋኘበት ቀን ማታ ደግሞ ያው ሆላንዳዊ 100 ሜትሩን በ47.84 ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። አንድ ገንዳ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ርቀት። ልዩነቱ 65 ሰከንድ ገደማ።

ብቻውን አልነበረም የመጣው። ፓውላ ባሪላ ቦሎፓ የምትባል የአገሩ ልጅም ነበረች። በ50 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ዋኘች፤ 1 ደቂቃ ከ3.97 ሰከንድ ፈጀባት። በኦሊምፒክ ታሪክ በዚያ ርቀት ከተመዘገቡት ሁሉ ቀርፋፋው ሰዓት ነው። የዚያ ውድድር አሸናፊ ሆላንዳዊቷ ኢንገ ደ ብሩይን በ24.32 ነው የገባችው። ስለ ፓውላ ብዙ አይወራም። ለእኔ ግን የእሷም ታሪክ ከኤሪክ እኩል ነው፤ ምክንያቱም የሁለቱ ሰዓት ሲደመር ነገሩ የአንድ ሰው ድክመት አለመሆኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሁለት ሰው ከአንድ አገር መጥቶ ሁለቱም እንደዚያ ከዋኙ፣ መጠየቅ ያለበት አገር ቤት ምን አለ የሚለው ነው።

አገር ቤት ያለው ይኸውና። ኢኳቶሪያል ጊኒ ያኔ ሕዝቧ ግማሽ ሚሊዮን አካባቢ ነበር። እስከ 1968 በስፔን ቅኝ ግዛት ስር ነበረች። ያኔ ዋና ከተማዋ የነበረችው ማላቦ ቢዮኮ በምትባል ደሴት ላይ ናት። በ1990ዎቹ ነዳጅ ተገኝቶ ገንዘብ መግባት ጀምሯል፤ የውድድር መዋኛ ገንዳ ግን አልነበረም። ኤሪክ የተለማመደው በሆቴል ገንዳ ነው። ርዝመቱ 25 ሜትር እንኳን አይሞላም። እሱንም ቢሆን የሚያገኘው በማለዳ፣ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። አሰልጣኝ አልነበረውም። የዓሣ አጥማጆችን ምክር ሰምቶ እግሩን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ እንደተማረ ተናግሯል። ሲድኒ ከደረሰ በኋላ ደግሞ አሜሪካኖቹ ሲለማመዱ ቆሞ እያየ እንዴት እንደሚዘሉና እንደሚዞሩ ለመቅዳት ሞከረ።

እዚህ ጋ ሁልጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ። ሰውዬው የደሴት ልጅ አይደል እንዴ? ባሕር ከብቦት እያለ እንዴት ዋና አይችልም? ይህን ጥያቄ እኔም ስለ ጣናና ስለ ሐዋሳ ልጆች ሲጠየቅ ሰምቻለሁ። መልሱ ቀላል ነው። ባሕር ገንዳ አይደለም። ባሕር ውስጥ የምትከተለው ቀጥ ያለ መስመር የለም፣ የምትዞርበት ግድግዳ የለም፣ ሰዓት የሚይዝልህ የለም። ባሕር ላይ የሚዋኝ ሰው የሚማረው እንዳይሰምጥ ነው። ውድድር ላይ የሚያስፈልገው ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው፤ ትንፋሽን ውሃ ውስጥ ማስወጣት፣ ጭንቅላትን ዝቅ አድርጎ ሰውነትን ቀጥ ማድረግ፣ ጉልበትን ለመቶ ሜትር ማከፋፈል።

ይህን በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ነው ዋና የለመድኩት፣ ከጓደኞቼ ጋር፣ ማንም ሳያስተምረን። ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። አዲስ አበባ መጥቼ አንድ ቀን ረጅም ገንዳ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ልሂድ ብዬ ገባሁ። እስከ መሀል በሩጫ ሄድኩ። ከዚያ ክንዴ ድንጋይ ሆነ። ትንፋሽ ፍለጋ ጭንቅላቴን ቀና ባደረግኩ ቁጥር እግሬ ይሰምጣል፤ እግሬ ሲሰምጥ ውሃው ይከብደኛል፤ ውሃው ሲከብደኝ ይበልጥ ትንፋሽ ያጥረኛል። አንዱ ሌላውን እየጎተተ የሚሄድ ነገር ነው። ኤሪክ ላይ በሁለተኛው 50 ሜትር የሆነውም ይኸው ነው፤ እሱ ግን ዓለም ሁሉ እያየው።

ሌላም ነገር አለ፣ ዋና የማያውቅ ሰው ልብ የማይለው። አጭር ገንዳ ውስጥ ግድግዳው ያግዝሃል። ጥቂት ቀዝፈህ ግድግዳ ታገኛለህ፣ በእግርህ ገፍተህ ትነሳለህ፣ ብዙ ሜትር በነፃ ትሄዳለህ፣ ትንሽም ታርፋለህ። ኤሪክ ስምንት ወር ሙሉ ሰውነቱን ያስለመደው ያንን ነው። ሲድኒ ላይ ግድግዳው ሃምሳ ሜትር ራቀ። ጉልበት ስላነሰው ብቻ አይደለም የወደቀበት፤ የዚያ ርቀት ልምድ ጨርሶ ስላልነበረው ነው።

በማግስቱ ዓለም ሁሉ ስሙን አወቀ። «ኤሪክ ዘ ኢል» ብለው ጠሩት፤ ኢል እባብ የሚመስል ረጅም ዓሣ ነው። አንዳንዱ ጀግና አለው፣ አንዳንዱ ኦሊምፒክ የቀልድ መድረክ ሆነ ብሎ ተናደደ። ሁለቱም ወገን ግን ስለ እሱ ያወራው ስለዚያች ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ጉዳዩ ለእኔ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰውዬው መለማመዱን አላቆመም። በአራት ዓመት ውስጥ የ100 ሜትር ሰዓቱን ከ57 ሰከንድ በታች አወረደው። ቆም ብላችሁ አስሉት። ከ1 ደቂቃ ከ52 ወደ 57 ሰከንድ። ሰዓቱን በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ያው ሰው ነው፣ ያው ሳንባ፣ ያው ክንድ። የተለወጠው ልምምዱ ነው። ለአቴንስ 2004 ተዘጋጅቶ ነበር። አልሄደም። የፓስፖርት ፎቶው በአገሩ ባለሥልጣናት እጅ ጠፍቶ የቪዛው ጉዳይ ተበላሸና ቀረ። በአራት ዓመት ውስጥ እንዲህ የተለወጠ ሰው አንድ ፎቶ ጠፍቶ ቤቱ ቀረ። ቤጂንግም ላይ አልዋኘም። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው። ሰው ያልተዘጋጀ ጊዜ ልከውት፣ ሲዘጋጅ ሳይልኩት ቀሩ።

አሁን ሌላ ትንሽ አገር ላምጣ፤ ምክንያቱም አራት ዓመት በትክክል ሲያዝ ምን እንደሚያመጣ የሚያሳይ ነው። ሱሪናም። ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ያለች፣ በ1980ዎቹ ሕዝቧ 400 ሺህ አካባቢ የነበረች አገር። አንቶኒ ኔስቲ የሚባል ልጅ ነበራት። በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ በ100 ሜትር ቢራቢሮ ቀዘፋ ተወዳድሮ 21ኛ ወጣ። ማንም አላስታወሰውም። ከዚያ በኋላ ግን ፍሎሪዳ፣ ጃክሰንቪል ከተማ ያለ ቦልስ የሚባል ጠንካራ የዋና ቡድን ያለው ትምህርት ቤት ገባ። ገንዳ አገኘ፣ አሰልጣኝ አገኘ፣ ከእሱ የሚፎካከሩ ልጆች አጠገቡ ዋኙ።

ሶል 1988። ማት ቢዮንዲ የሚባለው አሜሪካዊ ሰባት ወርቅ ይወስዳል ተብሎ ዓለም የሚጠብቀው ሰው ነው። 100 ሜትር ቢራቢሮ ፍጻሜ ላይ እስከ መጨረሻዋ ቀዘፋ ይመራ ነበር። ግድግዳው ጋ ሲቃረብ ግማሽ ቀዘፋ የሚሆን ርቀት ቀረው። አንድ ጊዜ ተጨማሪ ከመቅዘፍ ይልቅ እጁን ዘርግቶ ተንሸራተተ። ኔስቲ ደግሞ ከጎኑ ሳያቋርጥ ቀዝፎ ግድግዳውን ነካ። 53.00 ከ53.01። አንድ መቶኛ ሰከንድ። በነጠላ ውድድር የዋና የኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ሆነ። አገሩ ፎቶውን በቴምብር አወጣች፣ በስሙ የቤት ውስጥ ስታዲየም ሰየመች። ባርሴሎና ላይ ደግሞ ነሐስ ጨመረ። ብዙ ቆይቶ በፓሪስ 2024 የአሜሪካ ወንዶች የዋና ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ገንዳው ዳር ቆመ።

የኔስቲ ጉዳይ ግን የሚያመው ጎን አለው። አገሩ ውስጥ ብቻ ቢቆይ ኖሮ እዚያ ይደርስ ነበር ማለት ይከብደኛል። ቦልስ ትምህርት ቤት በኋላም ሌላ የትንሽ አገር ልጅ አስተምሯል። ሲንጋፖራዊው ጆሴፍ ስኩሊንግ በሪዮ 2016 በዚያው በ100 ሜትር ቢራቢሮ በ50.39 ገብቶ ማይክል ፌልፕስን ያሸነፈው እዚያ ተምሮ ነው። የትንሽ አገር ዋናተኛ ሲያሸንፍ ብዙ ጊዜ ታሪኩ መሀል ላይ የሌላ ሰው ገንዳ አለ። ሁሉም ወላጅ ልጁን ፍሎሪዳ መላክ አይችልም።

ሪዮ ካልኩ የእኛን ሳላነሳ አላልፍም። ሮቤል ኪሮስ ኦገስት 2016 ላይ 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ዋኝቶ ከ59 ተወዳዳሪዎች መጨረሻ ወጣ። የዚያን ጊዜ ፌስቡክ የነበረበትን ሁኔታ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የዓለም ሚዲያ በሰውነቱ ላይ ስም አወጣለት፤ የእኛም ሰው ተቀበለና አባዛው። አልማዝ አያና በዚያው ሳምንት 10 ሺህ ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች፤ ስድቡ ግን ከደስታው እኩል ይንሸራሸር ነበር። ሮቤል ራሱ ሁሉም ሰው በሚሮጥበት አገር የተለየ ነገር መሞከር ስለፈለገ ዋናን እንደመረጠ ተናግሯል። ገንዳው ዳር የነበረው ተመልካች አጨብጭቦለታል።

ያን ጊዜ ትክክለኛ ጥያቄም ተነስቷል፤ መካድ የለበትም። ፌዴሬሽኑን ይመሩ የነበሩት አባቱ ነበሩና ሰው እንዴት ተመረጠ ብሎ ጠየቀ። ይህ የዜጋ መብት ነው፣ መልስም የሚገባው ነው። የልጁን ሆድ እየለኩ መሳለቅ ግን ጥያቄ አይደለም። ጥያቄውን ደግሞ የቀበረው ስድቡ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁሉም ስለ ሰውነቱ ሲያወራ፣ ባሕር ዳር፣ አርባ ምንጭ፣ ሐዋሳ ላይ ከውሃው ዳር ያደጉ ልጆች በየትኛው ገንዳ፣ በማን አሰልጣኝ፣ በምን ውድድር ነው ተለይተው የሚመረጡት ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው።

እኛ ይህን ለመረዳት ከማንም በላይ ቅርብ ነን ባይ ነኝ። ሩጫ ላይ «ገንዳው» ተሰጥቶናል። እንጦጦ፣ ሱሉልታ፣ በቆጂ፤ ከፍታው ያለ ክፍያ ነው፣ መንገዱም ክፍት ነው። የበቆጂ ልጅ ጠዋት ሲወጣ ከፊቱ የሚሮጥ ታላቅ አለ፣ ከኋላውም የሚከተል ታናሽ አለ። አሰልጣኝ አለ፣ ክለብ አለ፣ የአገር ውስጥ ሻምፒዮና አለ። ስለዚህ ከዚያ የሚወጣ ልጅ ሲያሸንፍ ደም ነው እንላለን። ኤሪክን በቆጂ ላይ ወልዶ የበቆጂን ልጅ ማላቦ ሆቴል ገንዳ ላይ ማሳደግ ቢቻል፣ ማን ዋናተኛ ማን ሯጭ እንደሚሆን ለመገመት አያስቸግርም።

ሰዓት ሳይጠይቅ ስለሚያስገባው የግብዣ አሠራር አንድ ነገር ልበል። ይቅር የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ሚኒማ ያላሟላ አይምጣ ይላሉ። አልስማማም። ኔስቲን ራሱን አስቡት። በ1984 21ኛ መውጣቱ ነው ከዓለም ጋር ያለውን ርቀት በሰከንድ ያሳየው። ግን በሩ ብቻውን ምንም አይሠራም። ፌዴሬሽን አንድ ሰው ልኮ፣ ሰውዬው ተመልሶ ሲመጣ በሩን ዘግቶ ቀጣዩን ኦሊምፒክ የሚጠብቅ ከሆነ፣ የላከው ዋናተኛ ሳይሆን ባንዲራ ተሸካሚ ነው። ተወዳዳሪውን ለመሳለቂያ አሳልፎ ሰጥቶታል ማለትም ይቻላል። አንድ ፌዴሬሽን ላይ እኔ የማየው ልጁ ስንተኛ ወጣ የሚለውን አይደለም። በሚቀጥሉት አራት ዓመታት ስንት ጊዜ ውሃ ውስጥ ገባ የሚለውን ነው።

ኢኳቶሪያል ጊኒ ውስጥ ነገሩ ዘግይቶም ቢሆን ተንቀሳቅሷል። ሁለት የ50 ሜትር ገንዳዎች ተሠርተዋል፤ አንዱ ማላቦ፣ ሌላው ባታ ከተማ። ማርች 2012 ላይ ደግሞ የብሔራዊ ቡድኑን አሰልጣኝ ሾሙ። የተሾመው ኤሪክ ሙሳምባኒ ነው። ከነዳጅ ኩባንያ ሥራው ጎን ለጎን ወጣቶቹን ያሠለጥናል። እሱ ሲጀምር ያልነበረውን አሰልጣኝ፣ እሱ ራሱ ሆነላቸው።

የኦሊምፒክን መዝገብ ገልጣችሁ ስሙን ብትፈልጉ ግን የምታገኙት አንድ መስመር ነው። ሲድኒ 2000፣ 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ፣ 1:52.72። ከ57 ሰከንድ በታች የዋኘባት ሰዓት እዚያ የለችም።